ለእማ የቆጠብኩት ቤንዚን

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለጀይላን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ለመሆኑ እንደምን አለህ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ረቢአስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የጅዳ ሙቀትስ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ በአላህ ፈቃድ ቆሜ እሄዳለሁ። ሌላ ጊዜ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ እጽፍልህ ነበር፤ ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ደብዳቤውን ለሐጅ የሚመጡት ሼህ እንድሪስ በእጃቸው ስለሚያደርሱልህ፣ በፖስታ የማይላከውን ሁሉ እነግርሃለሁ።

እናታችን በግንቦት ከጨፋ ሮቢት ገበያ ስትመለስ፣ ቦርከናን ስትሻገር አዳልጧት ወደቀች። የተሰበረው ዳሌዋ ነው። ወጌሻ መጥቶ አሸ፣ አሰረ፣ አልሆነም። የከሚሴው ድሬሰር አይቷት፣ ደሴ ሆስፒታል ካልደረሰች አትነሳም፣ ያውም ተኝታ እንጂ ተቀምጣ መሄድ የለባትም አለ። አውቶቡስ የተኛ ሰው አይጭንም። የጭነት መኪኖቹ ለዘመቻ ተወስደዋል። መቼም ሾፌር ነኝና የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

አለቃዬ ጓድ ሙህዲን ክፉ ሰው አይደለም። ሄጄ ስለምነው፣ የመሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር አንድ እሑድ እሰጥሃለሁ፣ ቤንዚን ግን ከየትም አላመጣልህም አለኝ። አንተ ባለህበት አገር ቤንዚን ከውኃ ይረክሳል ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። እዚህ በኩፖን ነው፤ ለእኔ መኪና በሳምንት አርባ ሊትር ይሰጣታል፣ ከዚያ በላይ አልቅሰህም አታገኝ። ደሴ ደርሶ ለመመለስ ተጠንቅቄ ከነዳሁ አንድ ጀሪካን ይበቃኛል። ስለዚህ ከሥራዬ አንድ ቀን ሳላጓድል ከዚያችው ከአርባዋ ሃያ ሊትር ማጠራቀም ነበረብኝ።

ያኔ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ። በዚያ አሮጌ ፊያት ስታስተምረኝ፣ ፍሬን በረገጥክ ቁጥር ቤንዚን መሬት ላይ ደፋህ ማለት ነው ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ፈሪ መስለኸኝ እስቅብህ ነበር። አሁን የነገርከኝን አንድ በአንድ አደረግኩት። ከላይ ያለውን ፖርቶ መጋላ ፈትቼ አወረድኩ፣ ጎማዎቹን በየሰኞው አስነፋሁ፣ ጓድ ሙህዲን ወርዶ ከገበሬ ማኅበሩ ጋር ሲያወራ ሞተሬን አጠፋሁ። ጨፋ ላይ ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ከሩቅ አይቼ ከነዳጁ ላይ እግሬን አነሳለሁ፤ እስክደርስ ከብቱ ያልፋል፣ ፍሬኑም ሳይነካ ይቀራል። ቁልቁለት ሳገኝ ማርሹን አውጥቼ በፎሌ ነው። ጓድ ሙህዲን አንድ ቀን፣ አንተ ሰውዬ ቀብር ነው እንዴ የምትሸኘው ብሎኛል።

የተረፈችውን በየሳምንቱ ሐሙስ ወደ ጀሪካኑ እገለብጣለሁ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እማ ዘንድ ስሄድ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳልጨርስ «ሜቃ ሀፌ?» ትለኛለች፣ ስንት ተረፈ ማለቷ ነው። ሁለት እላታለሁ፣ ሌላ ጊዜ ሦስት እላታለሁ። እሷም በጣቷ ቆጥራ አልሀምዱሊላህ ትላለች። አሥራ አራት ስንደርስ እህታችን ዘይና ለደሴ የምትለብሰውን ነጠላ አጥባ አዘጋጅታላት ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ያሳፍረኛል። በሐምሌ መጨረሻ ስለ ነዳጅ ቁጠባ ስብሰባ ተጠራንና አንድ ካድሬ ከላይ መጣ። ሾፌሮቹ ሁሉ አይበቃንም አሉ። ሾፌሩ አብዶ ተነስቶ በዚህች አርባ ሊትር መሥራት የሚችል ሾፌር ካለ አሳዩኝ አለ። ጀይላን ወንድሜ፣ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አንተ ያስተማርከኝ ሙያ የተናቀ መሰለኝና ብድግ ብዬ፣

«ለእኔ እንኳ ይተርፈኛል» አልኩ።

ስለ ፎሌው፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ከብቱ ሁሉንም ዘረዘርኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ካድሬው ሁሉንም ጽፎ ከጨረሰ በኋላ፣ የተረፈው የት አለ ብሎ ጠየቀኝ። ደብቄ ቢያገኙት አሻጥር ነው፤ ስለዚህ በገዛ እጄ ጀሪካኑን ተሸክሜ መጣሁ። ጓድ ሙህዲን አንገቱን ደፋ። አሥራ አራቱን ሊትር መጋዘን ካለው በርሜል ገለበጥኩና የምስጉን ሠራተኛነት ወረቀት ሰጡኝ። በሳምንቱ የሁሉም መኪና ኩፖን ወደ ሠላሳ ሰባት ወረደ። አብዶ ሰላም አይለኝም፤ እውነቱን ነው።

ሠላሳ ሰባቷ ለሥራው ልክ ናት፤ ጠብታ አይወጣትም። ደግሞም ባተርፍ ያንኑ ይቆርጡታል። ባዶውን ጀሪካን መለሱልኝ፣ ዘይና አጥባ ውኃ ትቀዳበታለች፤ ውኃው እስካሁን ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ድሬሰሩ ሰሞኑን አይቷት አጥንቱ ተጣምሞ ገጥሟል፣ ጀርባዋም በመተኛት ብዛት ቆስሏል፣ አሁን ደሴም ብትወስዳት እንጃ አለኝ። ትኩሳቱ አይለቃትም።

ቤንዚኑን ባስረከብኩ ሰሞን ዓርብ እማ ዘንድ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። እንደ ልማዷ «ሜቃ ሀፌ?» አለችኝ። ይህች «ሀፌ» የምትባል ቃል በአፋችን ተረፈም ቀረም ማለት እንደሆነች ታውቃለህ።

«ሀፌ» አልኳት። የቱን እንዳልኳት ከፊቴ አየችው። ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።

ዘይና እጅህን ትስማለች። ለረቢአ ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹንም በእኔ ስም ሳምልኝ። ጎረቤቶቻችን ሁሉ በያሉበት ሰላም ብለውሃል። እማ ምን ልበልልሽ ስላት፣ ጀይላን ይምጣ፣ ግን እንዳይቸኩል፣ ቀስ ብሎ ይንዳ በልልኝ አለች። ፓስፖርቱንም ድንበሩንም አውቀዋለሁ፤ እንደማትመጣም አውቃለሁ። ግን ከመጣህ ወንድሜ፣ አትቆጥብ፣ ነዳጁን እርገጠው።

ወንድምህ ኑርሁሴን
ከሚሴ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1974 ዓ.ም.