አፉ በኮንክሪት ስለተደፈነው ጉድጓዳችንና በግድግዳችሁ ላይ ስላለችው ልጅ

ለፏፏቴ የተማሪ መሐንዲሶች የበጎ ፈቃድ ማኅበር
የኢትዮጵያ ቢሮ ዋና አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ዋና አስተባባሪ ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ የቢሮ ባልደረቦችዎ፣ በዚህ ክረምት ከጭቃ ጋር የሚታገለው መኪናዎም ጭምር ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። የሚጠጡት ውሃ የጠራ፣ ጠርሙሱም በወጉ የታሸገ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛም በሐብሩ ወረዳ፣ ከውርጌሳ ከፍ ብላ በምትገኘው በዋርካ ምንጭ መንደር ያለነው፣ የቀረነው ማለቴ ነው፣ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ስሜ ሀስና ኡበይደላ ይባላል። በመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በ2012 ዓ.ም. በጋ ከባሕር ማዶ ያመጧቸው ተማሪ መሐንዲሶች እኛ ዘንድ ሲሠሩ አስተርጓሚያቸው ነበርኩ። ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል፤ በውሃው ምረቃ ዕለት እርስዎ ለእንግዶቹ ክብር ብለው በእንግሊዝኛ ያደረጉትን ንግግር፣ ለእኛ ለወገኖችዎ ወደ አማርኛ የመለስኩልዎ እኔ ነኝ። ዛሬ አስተርጓሚ ሳያስፈልገን በቀጥታ ለመነጋገር ስለበቃን ደስ ብሎኛል። ምስጋናዬንም ሳልቀላቅል በየተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ልጆቹ አመሰግናለሁ። ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። ፀሐዩ ፊታቸውን እንደ ቲማቲም አቅልቶት፣ ከመንደሩ ወጣት ጋር ቦይ ሲቆፍሩ ይውሉ ነበር። ከመካከላቸው ኤሊን የምትባል ልጅ «አላህ ይስጥልኝ» ማለትን ለመደችና ለሰውም ለፍየልም ትለው ጀመር፤ ሰው ሁሉ ወደዳት። ውሃ የሚስበው ሶላር ተዘርግቶ፣ የውሃ ሮቶው ማማው ላይ ወጥቶ፣ ከጋራ ቧንቧችን፣ ከቦኖው፣ የመጀመሪያው ውሃ ሲወርድ ሴቶቹ እልል ሲሉ እሷ ታለቅስ ነበር። ውሃው ጥሩ ውሃ ነበር። እናቶች ጀሪካን ተሸክመው የሚወጡት ዳገት ቀረላቸው፤ ተማሪዎቼም ማርፈድ ተዉ። ይህን የሚክድ ሰው በመንደራችን የለም።

ሁለተኛ፦ ስለተደፈነው ጉድጓዳችን አመሰግናለሁ። ቦኖው ከመምጣቱ በፊት የምንጠጣው ከዋርካው ሥር፣ አባቶቻችን ቆፍረው በድንጋይ ከገነቡት ጉድጓድ ነበር። በገመድ ስለሚቀዳ ክንድ ያዝላል፤ ነገር ግን በበጋ እንኳ ነጥፎ አያውቅም። ቢሮዎ «ማኅበረሰቡ ወደ አሮጌ ልማዱ እንዳይመለስ» በማለት፣ አፉ በኮንክሪት እንዲደፈን አዘዘ። የውሃ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ሼህ ዛኪር በስብሰባው መካከል ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ አዲስ በሬ የገዛ ሰው አሮጌውን በዚያው ቀን አያርደውም። ይህ የፀሐይ ነገር አንድ ቀን ቢታመምብን ምን እንጠጣለን? ክዳን ሠርታችሁ ቆልፉት፤ አትድፈኑት።» እኔም አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ። ኤሊን ወደ እርስዎ ዞር ብላ «እውነታቸውን ነው እኮ፤ ብንተውላቸውስ?» አለችዎ። እርስዎም በዚያ በሚታወቀው ትሕትናዎ ፈገግ ብለው «መመሪያው ይህን አይፈቅድም» አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ።

ከዚያም ስምምነቱ ተነበበልን። ኮንክሪቱን የሰበረ መንደር የጥገና መብቱን ያጣል ይላል። ሼህ ዛኪር «እንግዳ የለፋበትን ነገር መናቅ ነውር ነው። እሺ፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም» ብለው ቃል ሰጡና ፈረሙ። ክቡርነትዎ ከእኛ አገር ሽማግሌ ጋር ብዙ ውለው ስለማያውቁ ላስረዳዎ፤ ለእናንተ ያ ፊርማ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ቃል ነው።

ሦስተኛ፦ መመሪያዎ ጦርነትን የሚያህል ነገር ሳይጨምር በመዘጋጀቱ አመሰግናለሁ፤ የማያውቁትን አለመጻፍ ትልቅ ጨዋነት ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያን አልፎ፣ መርሳን አልፎ ወደ እኛ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልክ ጠፋ፤ ገበያም ቀረ። ከኮረብታው የተተኮሰ ይሁን ወደ ኮረብታው፣ አንድ የከባድ መሣሪያ ጥይት ከቦኖው አጠገብ ወድቆ ሶላሩን ግማሹን አደቀቀው። የቀረውን ማን እንደወሰደው ልነግርዎ አልችልም፤ በዚያ ሰሞን በመንደራችን ያለፈ ሁሉ አንድ ነገር ይዞ አልፏል። ቦኖው ደረቀ።

ክረምቱ እስኪያልቅ ከቆርቆሮ ሥር ባልዲ እየደረደርን የዝናብ ውሃ ጠጣን። ዝናቡ ሲያቆም ወደ ወንዙ ወረድን። ወንዙ በዚያ ሰሞን ከላይ ምን እንደወደቀበት የሚያውቅ አልነበረም፤ አንዳንዴ ሽታው ይነግረን ነበር። ለምን አላፈላችሁትም ይሉ ይሆናል። እናፈላ ነበር፤ ግን ጭስ በታየ ቁጥር የሚተኩስ ስለነበረ፣ ብዙ ቀን እሳት ሳናነድ እንውላለን። ጤና ኬላው ተዘርፎ በሩ እንኳ አልቀረም። ከዋርካው ሥር ግን፣ ከኮንክሪቱ በታች፣ ውሃችን ተኝቶ ነበር። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው በላዩ እያለፉ ነበር ወደ ወንዝ የሚወርዱት።

የሼህ ዛኪር ልጅ አሚና አንድ ቀን ከወንዝ ተመልሳ ጀሪካኑን አባቷ እግር ሥር አስቀመጠችው። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«አባዬ፣ ይዩት እስቲ፤ ይህን ለሰው ልጅ ይሰጡታል?» አለቻቸው።

«መንገዱ ሲከፈት ሰዎቹ መጥተው ይጠግኑታል። ቃል ሰጥቻለሁ፣ ልጄ። ሲመጡ አፍሬ ልጠብቃቸው?»

«አንቱ ቃል የሰጡት ለሰው ነው። ሰዎቹ የታሉ?»

ሼህ ዛኪር ጢማቸውን ይዘው መሬት መሬት ያዩ ነበር። የአሚና ልጅ ሁሪያ በዚያው ሳምንት ተቅማጥና ትውከት ያዛት። ሁሪያ የእኔ ተማሪ ነበረች፤ በጥያቄ የምታደክመኝ፣ «ቲቸር፣ ፈረንጆቹ አገር ውሃ ምን ይባላል?» ብላ «ዋተር» ስላት፣ «እንግዲያ ሲጠማቸው ምን ይላሉ?» የምትለኝ። በጨውና በስኳር ያዘጋጀነውን ውሃ በማንኪያ ሰጠናት፤ ያም ውሃ ከዚያው ከወንዙ የመጣ ነበር። መርሳ ጤና ጣቢያ ልንወስዳት ቃሬዛ አዘጋጅተን ተነሣን፤ ተኩሱ ከመንገድ መለሰን። በእናቷ እቅፍ ሞተች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ከቀብር ሲመለሱ ሼህ ዛኪር ወደ ቤት አልገቡም። ድጅኖ ይዘው በቀጥታ ወደ ዋርካው ሄዱ። ጎረቤታችን ፈንታው እየሮጠ ደርሶ «ሼህ፣ ይስጡኝ፤ እኔ ልምታው፤ አንቱ አቅም የለዎትም» አላቸው። «አይሆንም» አሉት፤ «ቃሉን የሰጠሁት እኔ፣ የማፈርሰውም እኔ።» ኮንክሪቱ ጠንካራ ነበር፤ ለሥራው ጥራት ልጆቹን አመሰግናለሁ። እየመቱ፣ እያረፉ፣ እያለቀሱ ሰበሩት። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል። የመጀመሪያው ባልዲ ሲወጣ አሚና አልጠጣችም። ውሃውን አየችውና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተቀመጠች። ጥርት ያለ ውሃ ነበር።

አራተኛ፦ ስለ ሚያዝያው ጉብኝት አመሰግናለሁ። መንገዱ ከተከፈተ ከወራት በኋላ የቢሮዎ ተቆጣጣሪ በመኪና መጣ። የተሰበረውን ሶላር ፎቶ አነሣ፤ የተሰበረውን ኮንክሪት ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ አነሣው። ከዚያም ሼህ ዛኪርን «ስምምነቱን አፍርሳችኋል፤ ስለዚህ መንደሩ ከጥገና ዕቅዱ ወጥቷል» አላቸው። እሳቸውም «እውነት ነው፣ አፍርሻለሁ» ብቻ አሉ። ስለ ልጅቷ አልነገሩትም። እኔ ልናገር ስል በእጃቸው ከለከሉኝ፤ «ተይው ሀስና፤ ልጅ በሶላር አይለወጥም» አሉኝ። ተቆጣጣሪው መልካም ሰው ነው፤ ሲሄድ ለእያንዳንዳችን የማኅበሩ ዓርማ ያለበት ኮፍያ ሰጥቶናል።

አምስተኛው ምስጋናዬ ከሁሉ የከበደኝ ነው። በሰኔ ወር ዕቅዱ እንደገና እንዲታይልን ለማመልከት ከአሚና ጋር ወልድያ ወደሚገኘው ቢሮዎ መጣን። ወረፋ ስንጠብቅ አሚና ድንገት ክንዴን ጨበጠችኝ። ግድግዳው ላይ፣ በር የሚያህል ትልቅ ፎቶ ውስጥ፣ ሁሪያ ከቦኖው ሥር አጎንብሳ በእፍኟ ትጠጣለች። አገጯ ረጥቧል፤ እየሳቀች ነው። ከተማሪ መሐንዲሶቹ አንዱ ያን ጊዜ አንሥቷት ኖሯል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፦ «ጦርነት አላቆመንም፤ ይህች ሕፃን ዛሬም ንጹሕ ውሃ ትጠጣለች።»

«ምን ይላል?» አለችኝ አሚና።

ዕድሜ ልኬን አንድ ቃል ሳላስቀር ስተረጉም የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን «ልጅ ውሃ ስትጠጣ ነው የሚለው» አልኳት። ይህን ደብዳቤ ለእሷ ሳነብላት ይህችን መስመር እዘላታለሁ።

አሚና ፎቶውን ይነቀልልኝ አላለችም። ከልጇ የቀራት አንዲት ፎቶ እንኳ ስለሌላት፣ ትንሽ ቅጂ እንዲሰጧት ብቻ ለመነች። በጠረጴዛው ያሉት ባልደረባዎ በትሕትና እንዳስረዱን፣ ፎቶዎች የማኅበሩ ንብረት ናቸው፤ ጥያቄው በጽሑፍ ለዋናው መሥሪያ ቤት ይቀርባል፤ ከጥያቄውም ጋር ፎቶው ላይ ያለችው ሰው የሰጠችው የፈቃድ ማረጋገጫ ይያያዛል። አሚና «እሺ ጌታዬ» ብላ ወጣች። ከደረጃው ስንወርድ፣ «ሁሪያን ነው ፍቀጂ የሚሏት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ፎቶውን ያገኘችው በሌላ መንገድ ነው። ወልድያ ውስጥ ፎቶ ቤት ያለውን ሚኪኤልን አውቀዋለሁ። ወላጆቹ ከትግራይ መጥተው እዚሁ የኖሩ ናቸው፤ በዚህ ዘመን ስሙን የሰማ ሁሉ ዓይኑን ስለሚያፈጥበት ከሱቁ ብዙም አይወጣም። ነገሩን ስነግረው ሱቁን ዘግቶ ወጣ፤ ወደ ቢሮዎ እንደ ባለጉዳይ ገብቶ በስልኩ አንሥቷት ተመለሰ። አጥቦና በመስታወት አድርጎ ለአሚና ሲሰጣት «ከታች ያለውን ጽሑፍ ቆርጬዋለሁ፣ እህቴ» አላት። እሱ እንግሊዝኛ ያነባል። አሚና እጁን ልትስም ጎንበስ ስትል ደንግጦ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። በንብረታችሁ ላይ ስለተፈጸመው ድፍረት በእሱ ፋንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እኔ ነኝ የላክሁት።

ኤሊንም ጻፈችልኝ። አሁን ተመርቃ ሥራ ይዛለች። ጦርነቱን በዜና ሰምታ ስለ ሁላችንም ትጨነቅ እንደነበር ነግራኝ፣ «ያቺ ጠያቂዋ ልጅ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?» ብላ ጠይቃኛለች። እስካሁን አልመለስኩላትም። ምናልባት መመሪያው ለዚህ የሚሆን መልስ ካለው ክቡርነትዎ ቢልኩልኝ እገለብጠው ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ሶላሩን አትጠግኑ። ሼህ ዛኪር እንዳሉት እኛ ስምምነት አፍርሰናል፤ ከጉድጓዳችን በገመድ እየቀዳን እንጠጣለን፤ ወረዳው ሲያገኝ ማከሚያ ኬሚካል ይሰጠናል። ሰሞኑን ከሰሜን በኩል ወሬው እንደገና ስላላማረ፣ ገመዱን አሳድሰን፣ አፉን በእንጨት ክዳን ከድነን ተቀምጠናል። የምንለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከፎቶዋ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንሡና በምትኩ ስሟን ጻፉበት፤ ሁሪያ ኢሕሳን ትባላለች። ከስሟ በላይ ሌላ ነገር መጨመር ካስፈለገ፣ እውነቱን ከእኛ ጠይቁ።

በእንግዳ አክባሪነታችን ሳንጸጸት፣ ቸርነታችሁን ሳናማ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ የማይነጥፍ በጀትና ፎቶ የማይጠፋበት መስክ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ
ሀስና ኡበይደላ
ዋርካ ምንጭ፣ ሐብሩ
ሐምሌ 2014 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ ግቢ ባለው የአስተያየት ሣጥን ልከተው ነበር፤ ዘበኛው «አትድከሚ እህቴ፤ ቁልፉን የያዙት ሰውዬ ከጦርነቱ በፊት ነው ሥራ የለቀቁት» ብሎ መለሰኝ። ተቀብሎ ከዳር እስከ ዳር አነበበውና ራሱ በሩ ላይ ለጠፈው፤ ይህችን ማስታወሻ የጨመርኩት እዚያው ቆሜ ነው። እንዳነጋገሩ ከሆነ የማኅበሩ መኪና ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ እዚያው ግቢ አለ። ስሙን መጻፍ ፈርቼለት ትቼዋለሁ፤ እናንተም ስሙን እንደማታውቁት ነገረኝ። ነገ ጠዋት በሩን ሲከፍትላችሁ ጠይቁት።