አቶ ኤርሳዶ ዳርጌ እና የጂንካ ገበያ በረንዳ

አቶ ኤርሳዶ ዳርጌ ከአባታቸው ከአቶ ዳርጌ ሎዳሞ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አለምነሽ በ1922 ዓ.ም. በከምባታ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩትም አናጢነት የተማሩትም በሚሲዮን ግቢ ነው።

በ1951 ዓ.ም. ሥራ ፍለጋ ጂንካ ገቡ፤ በገበያው መንገድም አንድ ባለ ቆርቆሮ ሱቅ ሠሩ። ጎርፍ ስለ ፈሩ የበረንዳውን ጠርዝ ከፍ አደረጉት። በገበያ ቀን ከአሪ ደጋ በቆሎ አዝለው የወረዱ ወይዘሮ ቦሼ ሻንቆ ሸክማቸውን ሊያሳርፉበት ቢሞክሩ አልደረሱበትም። «አንተ አናጢ፣ ሸክም ተሸክመህ አታውቅም እንዴ?» አሏቸው። አቶ ኤርሳዶ በነጋታው ጠርዙን አፍርሰው፣ ወይዘሮ ቦሼን ከነሸክማቸው አቁመው ለኩና ዝቅ አድርገው ሠሩት። ሁለቱ በ1953 ዓ.ም. ተጋብተው ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ በአንድ በረንዳ የተያያዙ ሰባት ሱቆች ሠሩ፤ አራቱን ለሌሎች፣ ሦስቱን ለራሳቸው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ የሁለቱን ቁልፍ በገዛ እጃቸው ለቀበሌ አስረከቡ። አላዘኑም ማለት ውሸት ይሆናል። ሆኖም ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር መሰላል ይዘው የሚወጡት እሳቸው ነበሩ።

በ1977 ዓ.ም. ቀበሌው በረንዳውን በግድግዳ ዘግቶ ቤት ለሌላቸው ስድስት ቤተሰቦች ሊያከፋፍል አሰበ። ሊቀ መንበሩ አቶ ጥላሁን፣ «ጋሽ ኤርሳዶ፣ ሰው ሜዳ እያደረ ባዶ ቦታ እናስቀምጥ?» ብለው ጠየቋቸው። «ባዶ አይደለም፤ ቅዳሜ መጥተህ እየው» ብለው መለሱ። ቅዳሜ ዘነበ። ሊቀ መንበሩ በረንዳው ላይ ከተጠለለው ገበያተኛ ብዛት መቆሚያ አጥተው ውጭ ዝናብ ላይ በሰበሱ።

የቤተሰቦቹ ችግር ግን እውነት ነበር። አቶ ኤርሳዶም ይህን አልካዱም፤ ቀበሌው ቆርቆሮ አቅርቦላቸው፣ በአራት ወር ከሱቆቹ ጓሮ ስድስት ክፍሎች ያለ ክፍያ ሠሩ። በረንዳውም ሳይዘጋ ቀረ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ምስጥ የበረንዳውን ቋሚዎች ስለ በላቸው፣ መተኪያ የሚሆን የዋንዛ እንጨት አንድ በአንድ እየገዙ በጓሯቸው አደረቁ። ከመትከላቸው በፊት የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። በጂንካና በአርባ ምንጭ ሲታከሙ ቆይተው፣ ሰኔ 4 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው በጌታ አንቀላፉ። ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውንና ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ትናንት የዕድር አናጢዎች ያንን ዋንዛ ለሣጥን ሊሰነጥቁት መጋዝ ሲያነሡ ወይዘሮ ቦሼ፣ «ተዉት፣ የእሱ አይደለም፤ የበረንዳው ነው» ብለው ከለከሉ። ስለዚህ ከሩቅ የመጣችሁ ወገኖች፣ ሣጥኑ ተራ ባሕር ዛፍ መሆኑን አይታችሁ ቤተሰቡ ሰስቶባቸው ነው እንዳትሉ። ቋሚዎቹ የሚተከሉት ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ መዶሻ ያለው ይዞ ይምጣ።

የደከሙ እጆቻቸውን ጌታ ያሳርፍ፤ ነፍሳቸውንም በቤቱ ይቀበል። አሜን።