ሳሩን የምይዘው እኔ ነኝ

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ጠዋት

ብዕሩን የያዘችው ሀዊ ናት፣ የልጄ ልጅ። ቃሉ የእኔ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም።

ደብተር፣ ጉልበቴ ዛሬም ያመኛል። ይለፍ።

ሀዊ እዚሁ አዳማ፣ ከባንክ በላይ ባለ ፎቅ፣ ትንሽ የግል ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ሶሻል ሳይንስ። ምንድን ነው አልኳት። ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ነው አለች። ለዚህ ፎቅ መውጣት ያስፈልጋል ወይ ብላት ሳቀች። አሁንም ስትጽፈው ትስቃለች።

የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ሽምግልና ነው። ቅዳሜ ወለንጪቲ ወርጄ በእርሻ ድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን አስታርቃለሁ። ልምጣ ትላለች። ነይ፣ ግን እዚያ የተባለ እዚያ ይቀራል አልኳት። እሺ ብላለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ከሰዓት

ተመለስን። ሚኒባስ ውስጥ አላናገርኳትም። አሁንም የማወራው ከአንተ ጋር ነው፣ ደብተር። እሷ ትጻፍ።

ታላቅየው ዛሬ አፉን ፈታ። በአባታቸው ቀብር ታናሹ ዓይኑን እንኳ እንዳላየው ተናገረ። በሰው ፊት አለቀሰ። ታናሹ፣ እንደ በዳይ ወግ፣ እርጥብ ሳር ይዞ ለይቅርታ ሊነሳ ነው። ያኔ የሀዊ ስልክ ከነጠላዋ ሥር ወደቀ። ድምፅ እየቀዳ።

ታላቅየው አየው። «ኦቦ፣ እንባዬን ያስፈሰሱኝ ለተማሪ ቤት ነው?» አለኝ። ጥሎን ሄደ። ታናሹ ሳሩን መሬት ጣለው።

ከእኔ ሸንጎ ሰው ተነስቶ ሄዶ አያውቅም። ሌባ ብያታለሁ። እሱንም ጻፊ። አትዝለዪ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ለምን ቀዳሽ አልኳት። አባባ፣ እርስዎ ሲያልፉ ይሄን ማን ይነግረናል ብዬ ነው አለች። ገና አልሞትኩም አልኳት።

ሌላ የሰበሰበችው የላትም። ድምፁን ካጠፋች ጽሑፏ ባዶ ነው፤ ጓደኞቿ ሲመረቁ እሷ ትቀራለች። ካላጠፋች ታላቅየው አይመለስም። ወንድማማቾቹ እንደተኳረፉ ሊሞቱ ነው።

አጥፊ አላልኳትም። አስገድጄ ያስታረቅኩት ሰው የለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ ጠዋት

እንጀራ እየበላን ሳለ፣ ሳልጠይቃት፣ አጠፋዋለሁ አለች። ታላቅየው ፊት፣ እያየ።

እንግዲህ እኔም ቆርጫለሁ። ነገ ወለንጪቲ እንወርዳለን። እንደ ሽማግሌ አልቀመጥም። ልጅቷን ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ሳሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ከእሷ ጋር፣ በበዳይ በኩል፣ በዚህ ጉልበቴ እቆማለሁ። ታላቅየው ይቀመጡ እስኪለኝ።

ይሄን ስትጽፊ አታልቅሺ፣ ወረቀቱ ይበላሻል።

በይ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። ሌባ ያልኩሽንም። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ነገ እፊቱ እንደዚያ ነው የምትናገሪው።