ሻምበል ሆሊስ ድርቆሹን ሊያስገባ ስለ መሄዱ

ለተከበሩ ዶክተር ፕሬስኮት ዋይልደር፣
የብራንትፌሪ ኮሌጅ ዲን

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና ቁርስዎን ከጨረሱ በኋላ እንዲደርስዎ እመኛለሁ።

የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። የሚመሩት ኮሚቴ ባለፈው ሳምንት የኮሌጅዎ የጦር ታሪክ መምህርት ዶክተር ሄስተር ቫን ኔስ ቋሚ ሹመት እንዳይሰጣቸው ወስኗል። የኮሌጁ ቦርድ በመጪው ዓርብ ውሳኔውን ካልሻረው፣ የሰባት ዓመት ሥራቸውን ትተው በግንቦት መጨረሻ ቢሯቸውን ያስረክባሉ። ስለዚህ ምስጋናዬን ከዓርብ በፊት ማድረስ ይኖርብኛል።

አንደኛ፤ የትምህርት ክፍሉ ባልደረቦቻቸው «ጦርነትን ያወድሳሉ» ብለው ስለጻፉባቸው አመሰግናለሁ። ስለ ነጻነት ጦርነቱ ሚሊሻዎች የጻፉትን መጽሐፍ እኔ አንብቤዋለሁ። አራት መቶ ገጽ ሙሉ ተቅማጥ፣ የሻገተ ዱቄትና ሶሉ የተገነጠለ ጫማ ነው። ይህን ውዳሴ አንብቦ ለመዝመት የተነሣሣ ወጣት ካለ አድራሻውን ቢልኩልኝ ደስታዬ ነው።

ሁለተኛ፤ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ደግሞ «ጦርነታችንን ያዋርዳሉ» ብሎ ስለከሰሳቸው አመሰግናለሁ። አንድን ጦርነት በአንድ መጽሐፍ ማወደስም ማዋረድም የቻለ ሰው በሌላ ኮሌጅ ቢሆን ይሾም ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ላይማን ትሪፕ ዶክተሯ በመጋቢት ባደረጉት ንግግር ላይ የዚያን ጦርነት ዘመን ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ እንደደፉ ተነሥተው፣ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ውጊያው መቼ ነው የሚጀመረው?» ማለታቸውን ያስታውሳሉ። ዶክተሯም፣ «ትንሽ ይታገሡ አቶ ትሪፕ፣ ወታደሮቹም ዱቄት እስኪመጣላቸው እየጠበቁ ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ኮሚቴዎ ግን አልሳቀም ይባላል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ዶክተር ቫን ኔስ በፍርድ ቤታችን ምድር ቤት የ1777ን የሚሊሻ መዝገብ አገኙ። ከኮሌጁ መሥራች ከሻምበል አማሳ ሆሊስ ስም ትይዩ፣ ውጊያው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ «ድርቆሽ ሊያስገባ ወደ ቤቱ ሄዷል» ተብሎ ተጽፏል። ፈሪ ነበር አላሉም። የጦሩ እኩሌታ እንደዚያው መሄዱን፣ ላሞች በበረዶው ክረምት የሚበሉት እንደሚያስፈልጋቸው፣ አዛዣቸው ኮሎኔልም ይህን ስለሚያውቅ በመስከረም ሲመለሱ አንድም ቃል ሳይናገር እንደተቀበላቸው ጻፉ እንጂ። ስለዚያ ድርቆሽ ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ ቆይቶ የተቆጣ የእርስዎ ኮሚቴ ብቻ ነው፤ በውሳኔው ላይም «ለኮሌጁ ቅርስ ተገቢው ስሜት ይጎድላቸዋል» ብሎ አስፍሯል። ቅርሱ ድርቆሽ መሆኑን ባለማወቃቸው ዶክተሯን ይቅር ይበሉልኝ።

ቦርዱ ዓርብ ሲሰበሰብ ያ ኮሎኔል ያደረገውን ብቻ ቢያደርግ በቂ ነው፤ የሚጠቅመውን ሰው በሥራው ላይ ያቆይ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ኮሌጅዎ መልካም ዜና ሲፈልግ የኖረው፣ ዛሬም ያልተሳካለት ታዛዥዎ፣

ኤልድሬድ ኩምብስ
የብራንትፌሪ ጋዜጣ አዘጋጅ

ማስታወሻ፦ በግቢው በር ላይ የቆመው የሻምበሉ ሐውልት ሰይፉን ወዴት እንደቀሰረ ዶክተሯ በድሮ ካርታ አሳይተውኛል። የውጊያው ሜዳ ከጀርባው ነው። ሰይፉ የሚያመለክተው ዛሬ እርስዎ መኪናዎን የሚያቆሙበትን የራሱን የድርቆሽ መስክ ነው። እባክዎ አያዙሩት። ዶክተር ቫን ኔስ ከሄዱ፣ በግቢው ውስጥ እውነቱን የሚያሳይ አንድ ሰው እንኳ ይቆይልን።