የእናትሽ ጫማ ቁጥር

ለምወድሽ ልጄ ለኔኒታ፣ ሆንግ ኮንግ

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ እዚህ ኢሎይሎ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። ዶሮዎቹም እንቁላል መጣል ጀምረዋል።

እናትሽ አሁንም ሆስፒታል ናት። አምና የብረት ጉልበት ገብቶላት ቢሻላት፣ ስለቴን ላድርስ ብላ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ መሠዊያው በጉልበቷ ሄደች። ቆዳዋ ተላጠ፤ ቁስሉም አመርቅዞ እስከ ብረቱ ዘለቀ። "አንቺ ሴትዮ፣ በእግርሽ ብትመጪ እመቤታችን ትቆጣ ነበር?" ብላት፣ "አንተ ደግሞ፣ ለሰንበት እንኳ የማትንበረከክ!" አለችኝ።

ሐኪሙ ብረቱን አውጥቶ በቦታው መድኃኒት የተለወሰ ሲሚንቶ አደረገላት። መግሉ ሲጠፋ አዲስ ብረት ይገባል ብሎን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ግንበኛ ሆኜ፣ ሲሚንቶ ለጉልበት ሲሆን ገና አሁን አየሁ። መግሉ ግን አልጠፋም፤ ባለፈው ሳምንት እንደገና ከፍተው አጠቡት። ከዚያ ሐኪሙ እኔን ብቻ ወደ ኮሪደር ጠርቶ ስለ እግሯ አነጋገረኝ። ጥሩ ሰው ነው።

እኔም ሥራ አልፈታሁም። የደጃችንን ደረጃ አፍርሼ ተዳፋት እያደረግሁት ነው። ጎረቤት ሲጠይቀኝ "የሩዝ ጆንያ በጋሪ ለማስገባት ነው" እላለሁ። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።

ለልደቷ ጫማ ልግዛላት ያልሽውን ነገርኳት። "ተረከዙ ረዘም ያለ ይሁን በላት፣ እጨፍርበታለሁ!" አለች። ቁጥሯ ሠላሳ ሰባት ነው። ግን ልጄ፣ ለጊዜው ሻርፕ ይሻላል።

በጸሎትሽ አስቢን፤ ስለት ግን አደራ፣ አትሳዪ።

አባትሽ ፍላቪያኖ