በአረንጓዴ ክር የተሰፋው ጃኬት

ኅዳር 9/2011
ዛሬም ሰልባጅ ስመርጥ ዋልኩ፣ በስልክ። ለእማዬ ሹራብ። የከተማችን የቆሰበር ብርድ አጥንት ይገባል። ገበያ ቢሆን ብብቱን አሸታለሁ፣ ወደ ፀሐይ ይዤ የሳሳ ካለ አያለሁ። ፎቶ ምን ይሸተታል? ሻጩ ሁሉንም «አዲስ በሉት» ይላል። ይህን የቴሌግራም ቻናል የጠቆመኝ ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ነው፤ ሱቁ አ.አ. የቀን ሥራ ከሚሠራበት ሰፈር ነው። ከደወለ ወር አለፈው። ስልኩ ዝግ።

ኅዳር 11
ማስታወሻዬ፣ ዛሬም ቻናሉን ከፈትኩ። ቡናማ ጃኬት ተለጥፏል። የይበልጣልን ይመስላል፤ ሲሄድ እኔው ከገበያ የመረጥኩለትን። ቡናማ ጃኬት ስንት አለ፣ አትበጂ እላለሁ። ግን የእሱ ጃኬት የቀኝ ብብቱ ገበር ተተርትሮ ነበር። ጥቁር ክር አጥቼ በአረንጓዴ ሰፋሁት። ሻጩን ውስጡን አንሣልኝ አልኩት። እሺ አለ። ኔትወርክ ጠፋ።

ኅዳር 12፣ እረፍት ሰዓት
ከት/ቤቱ ጀርባ ዳገቱ ላይ ነኝ፣ እዚህ ኔትወርክ አለ። ፎቶው እየተንቀራፈፈ ወረደ። አንገትጌው። ከዚያ ገበሩ። አረንጓዴ ክር። ጠማማው የኔ ስፌት።

ከማን ገዛኸው አልኩት። ሰው መጥቶ ይሸጣል፣ ማንነቱን አልጠይቅም አለ። ምን ይመስላል? ከስቷል? ታሟል? ዚፑ ይሠራል እኅቴ፣ እንከን የለውም አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ። አነበበው፣ አልመለሰም።

ተማሪዎቹ ገብተዋል። ምን አስተምራለሁ?

ኅዳር 13
እማዬ ደወለ ወይ አለች። አልደወለም። ያ ጃኬት ስላለው ብርዱስ አይነካውም ብላ ተጽናናች። አዎ አልኳት። ፈራሁ።

ጃኬቱን ገዛሁት። በአውቶቡስ ይመጣል። ሌላ ሰው እንዳይለብሰው ብዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ኅዳር 17
ደረሰ። በር ዘግቼ ኪሱን ገለበጥኩ። ባዶ። ብብቱን አሸተትኩ። ታጥቧል፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። የእሱ ጠረን የለም። ደም የለበትም፣ አልተቀደደም። ቸግሮት ሸጦት ነው? ተሰርቆ ነው? እንጃ። ጨርቁን ሳገላብጥ ዋልኩ፣ ምንም አልነገረኝም።

ይህን እየጻፍኩ እማዬ ከእንቅልፏ ተነሥታ ገባች። ጃኬቱን አልጋው ላይ አየችው። ፊቷ በራ። መቼ ገባ፣ ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም አለች። መልሴን አልጠበቀችም። ጓሮውን እየዞረች ስሙን ትጠራለች። አሁን ደግሞ ወደ መንገዱ ወጣች። ወጥቼ ልንገራት፣ ግን ምን ብዬ