የቁስለኞቹን ገብስ ያስጠበቁት የአቶ ባዘዘው ወልደ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ባዘዘው ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሚካኤል አካለ ወልድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኪዳን በ፲፰፻፹፭ ዓ.ም. ከይጁቤ ገበያ ዝቅ ብሎ ባለው መንደራችን ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ደብረ ማርቆስ ሄደው በዳኞች ፊት ጸሐፊ ሆኑ። በ፲፱፻፰ ዓ.ም. ወይዘሮ የብርጓልን አግብተው ፋንታነሽን፣ ወሰንየለሽንና አንለይን ወለዱ።

በ፲፱፻፳፬ ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው አዲስ በቆመው ምክር ቤት ጽሑፍ ገልባጭ ሆኑ። ሕገ መንግሥቱን በእጃቸው ሲገለብጡ አንድ ነገር ልባቸው ገባ። ምክር ቤትም ቢሆን ከሕዝብ የተሰበሰበውን እንዳሻው አያወጣም፤ ለተሰበሰበበት ጉዳይ ብቻ እንዲያውለው ሕጉ ያስረዋል። ጣሊያን ሲገባ ይህንኑ ይዘው አገራቸው ተመለሱ።

በኅዳር ፲፱፻፴፪ ዓ.ም. አርበኞችን የሚረዳው የአጥቢያችን ሸንጎ ከየጥማዱ አንድ ቁና ገብስ እንዲዋጣ ሲወስን ደንቡን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ገብሱ በገደሉ አፋፍ ጎጆ ለተኙት ቁስለኞች ብቻ እንዲሆን፣ ባሏ የሞተባትም እንዳትጠየቅ ተጻፈ፤ የሸንጎው ሰዎች ሁሉ መስቀል መትተው ማሉ። ሁለት ወር እንኳ አልቆዩም። በጥር እርስ በርስ ተሿሿሙ፤ ከመካከላቸው ትናንት አቶ የነበሩት ታረቀኝ ፊታውራሪ ተባሉ፤ ለሹመቱ ድግስም በቁስለኞቹ ገብስ ጠላ ተጠመቀ። ከቁስለኞቹ ሁለቱ በረኃብ ሞቱ። ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ምሽጉ ንቅንቅ ሳይል የገዛ ሽማግሌዎቻችን ገደሏቸው።

አቶ ባዘዘው ጎተራው ደጃፍ ቆመው፣ «ሸንጎ ስለሆናችሁ ብቻ የፈለጋችሁትን አታደርጉም፤ ይኼ እህል ባለቤት አለው» ቢሉ ጎትተው ጣሏቸው፤ ከሸንጎውም አስወጧቸው። የጎተቷቸው ሰዎች ዛሬ ነጠላ አዘቅዝቀው እዚሁ ቆመዋል። ደኅና አድርገው ይስሙን።

ከዚያ ወዲህ ለዘር ያስቀመጡትን እህል ለቁስለኞቹ እያደረሱ ሲያስታምሙ ተስቦ ያዛቸው። አሥራ ሦስት ቀን ታመው ግንቦት ፲፩ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም. በአርባ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውና ሦስቱ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ፤ የሚዘሩት ግን የላቸውም።

ሸንጎው በሚያዝያ ለቁስለኛ ብሎ ዳግም ገብስ አስዋጥቷል፤ በዚህኛው ባል የሞተባቸውም አልቀሩም። ትናንት ደግሞ ተቀምጦ፣ ለአቶ ባዘዘው ክብር ታላቅ ተዝካር ከዚሁ ገብስ እንዲደገስ ወሰነ። ሬሳቸውን እንኳ አላፈረም። ወይዘሮ የብርጓል እምቢ ብለዋል። ተዝካር አይኖርም፤ ለቀስተኛም ከቤታቸው ምንም ሳይቀምስ ይመለሳል። የምንጭንባቸው አህዮች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ቆመዋል። ከቀብሩ በኋላ ጎተራው ይከፈትና ገብሱ ለቁስለኞቹ ይጫናል፤ ጉልበት ያለው ሁሉ ያግዘን። ሸንጎውም ከፈለገ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይከልክለን።

አምላከ ቅዱሳን የአቶ ባዘዘውን ነፍስ ከደጋጎቹ ማዕድ ያስቀምጥልን፤ በረኃብ የሞቱትን የሁለቱንም እንዲሁ። አሜን።